አራተኛው ቀን፦ አዛውንት ወላጆቻችን ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ



ውድ አንባብያን፤ በዚህ ዓምድ ስለ ልጆቻችን ትምህርትና አስተዳደግ ስንጨዋወት ቆይተናል። በዚህ ወር ግን በዚያው ጣሪያ ሥር ወደሚኖሩት አዛውንቶቻችን መለስ እንበል። ለዚህ ያነሣሣኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከዐስር ሶላት ስንወጣ ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ አስቆመኝና «ኡስታዝ፣ እናቴ አንጀቷን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ቀጠሮ ተሰጥቷታል። እርስዎ አባትዎን አስታመዋልና ምን ይመክሩኛል?» አለኝ። መንገድ ላይ ቆሜ የመለስኩለት ችኩልና የተቆራረጠ ስለነበረ ቤት ገብቼ በረጋ መንፈስ ልጽፈው ወሰንኩ። ሐኪም አለመሆኔን አስቀድሜ ልናገር። ቀን ባዮሎጂ፣ ማታ ቁርአን የማስተምር መምህር ነኝ። የምጽፈውም በአስታማሚነት ያየሁትን፣ ሐኪሞች ያስረዱኝንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን ነው።

በ2016 ዓ.ም. በየካቲት፣ ሻዕባን እንደገባ፣ የ73 ዓመቱ አባቴ ሆዳቸውን አመማቸው። ነገሩ የጀመረው እንደ ተራ የሆድ መነፋት ነበር። ሰገራ አልወጣ አለ፤ ቆይቶም ፈስ ጭምር ቆመ። (ቃሉን በመጻፌ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀን እሱን ነበርና ነው።) እናቴ ዝንጅብል አፈላች፣ ተልባ በጠበጠች። እኔም ጥቁር አዝሙድ ዘይት ገዝቼ ገባሁ። ጥቁር አዝሙድን አላቃልልም፤ በሐዲስ የተወሳ ነው። ነገር ግን የተጠማዘዘ አንጀት በዘይት አይፈታም። እኛ ይህን ሳናውቅ ሁለት ቀን አለፈ። በሁለተኛው ሌሊት ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ያስመልሳቸው ጀመር። ያን ጊዜ ነው መኪና የፈለግነው።

ምርመራው የአንጀት መታጠፍ ሆነ። ከትልቁ አንጀት ወደ መጨረሻው አካባቢ «ሲግሞይድ» የሚባል ቆልማማ ክፍል አለ። በአንዳንድ ሰው ይህ ክፍል ረጅምና ልል ይሆንና በራሱ ዙሪያ ይጠመዘዛል። በአገራችን ትልቁን አንጀት ከሚዘጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሲሆን በወንዶች ላይ ይበዛል። በጊዜ ከተደረሰበት ሐኪሞች ከታች በኩል ቱቦ አስገብተው አየሩን በማስወጣት ሊፈቱት ይችላሉ። ከዘገየ ግን ደም የሚያደርሱት ሥሮች አብረው ይታነቁና አንጀቱ ይሞታል። የአባቴ ዘግይቶ ነበር። የጠቆረው ተቆርጦ ወጣ፤ የቀረው የላይኛው ጫፍ በሆዳቸው ቆዳ ላይ ወጥቶ ከረጢት ተለጠፈበት። አሠራሩ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አንሪ ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1921 ያስተዋወቀው ሲሆን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አንጀትን መስፋት አዲስ ነገር አይደለም። የኮርዶባው አዝ-ዘህራዊ ከሺህ ዓመት በፊት በጻፈው ባለ 30 ክፍሉ «አት-ተስሪፍ» ውስጥ የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጥቶ ስለ አንጀት ቁስል አሰፋፍም አስተምሯል። ይሁን እንጂ መስፋት አንድ ነገር ነው፤ ከተሰፋ በኋላ ያለው ሳምንት ሌላ ነገር ነው። እኛ ያልተዘጋጀነውም ለዚያ ሳምንት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አባቴ ደከም ብለው ዋሉ። በሁለተኛው ቀን አወሩን፣ ፈገግም አሉ። ጠዋት የመጣችው ሲስተር «ዛሬ ይቀመጡ፣ ትንሽም ይራመዱ» ብትልም እኛ እሺ ብለን፣ እሷ ስትወጣ ግን አልጋው ላይ አስተኛናቸው። አክስቴ «ሆዱ ተቀዶ ይራመድ? ስፌቱ ይበጠስ እንጂ!» አለች። እኛም ተስማማን። መንቀሳቀስ ሲያማቸው የሕመም ማስታገሻ እንዲጨመርላቸው አልጠየቅንም። እሳቸውም ሶብር ነው ብለው ጥርሳቸውን ነክሰው ዋሉ። ሦስተኛው ቀን እንዲሁ በጀርባቸው ተኝተው አለፈ።

በአራተኛው ቀን ማታ አባቴ ተለወጡ። እኔን በሟች ወንድማቸው ስም ጠሩኝ። ጣሪያው ላይ ሰዎች አሉ አሉ። በአፍንጫቸው የገባውን ቱቦ ሊነቅሉ ታገሉ። ግንባራቸውን ብዳስስ ትኩሳት የለም። አክስቴ ወዲያው «ጂን ነክቶታል፤ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ምን ይጠፋል!» አለችና አንድ ቃሪእ ተጠርቶ መጣ። ቁርአን በመቀራቱ ቅሬታ የለኝም፤ ቁርአን ሺፋ ነው። ጥፋታችን ሌላ ነው። ቁርአን እየተቀራ ሳለ ሐኪም አልጠራንም። ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ ቆየን። የሌሊቱ ነርስ ለመድኃኒት ሲመጣ አንድ ጊዜ አያቸውና የእጅ ሰዓቱን አውጥቶ ትንፋሻቸውን ቆጠረ። ከዚያም ሮጠ።

ምርመራው የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። ለሦስት ቀን በጀርባ የተኛና ሕመሙን ፈርቶ በጥልቀት የማይተነፍስ፣ የማያስል ሽማግሌ፣ የሳንባው የታችኛው ክፍል ይታጠፍና አክታ ይጠራቀምበታል፤ ጀርሙም እዚያ ይራባል። ስፌቱ ግን አንዳች አልሆነም ነበር። ኦክስጅንና አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው፤ በሰባተኛው ቀን ስሜን ጠሩኝ። አልሃምዱሊላህ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ። በእንግሊዝኛው «ኢንፍላሜሽን» የሚባለውን መጽሐፎቻችን «ብግነት» ይሉታል፤ በቤታችን «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን። የእኛው አነጋገር ይሻላል፤ ቁጣ ነውና። ሰውነት ሲቆረጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ውኃ ይፈስሳል። ስለዚህ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ያለዚህ ቁጣ ቁስል አይሽርም፤ ከልክ ሲያልፍ ወይም አልበርድ ሲል ግን ራሱ በሽታ ይሆናል።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ በክፍለ ከተማችን ዘነበወርቅ ያለውን አለርትን ሁላችን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ ሁሉን የሚያክም ሆስፒታል ሆኗል። በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ነርቭን የሚያደርቀውና ጣትን የሚያኮማትረው ብዙውን ጊዜ ጀርሙ ብቻ ሳይሆን ሰውነት በጀርሙ ላይ የሚያነሣው ቁጣ ነው። መድኃኒቱ ተጀምሮ፣ አንዳንዴም ተጨርሶ፣ ቁጣው ሊነሣ ይችላል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ጀርም የሚገድል ሳይሆን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ሰውነት ጠላቱን ሲወጋ የራሱን ቤት ሊያፈርስ እንደሚችል የእኛ ሰፈር ሰው ከማንም በፊት አይቶታል ማለት ነው።

የአንጀት ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ ነው። አንጀት በእጅ ስለተነካ ብቻ የግድግዳው ጡንቻ ይቆጣና ያንቀላፋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሆድ የሚነፋውና ሰው ለቀናት ፈስ የማይወጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች እንደ ሞርፊን ያሉት እንቅልፉን ያረዝሙታል፤ መራመድ ያሳጥረዋል። ማስቲካ ማኘክም አንጀትን ያታልለዋል ተብሎ በብዙ ቦታ ይሞከራል። በጥቅሙ ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም፤ ቢሆንም ርካሽ ነው። (አባቴ ጥርስ ስለሌላቸው ማስቲካው የእኔ ሆነ።)

ሐኪሞች የቁጣውን መጠን ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ «ሲ.አር.ፒ.» የተባለ የደም ምርመራ ነው። ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርክ ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያገኙት፣ የአባቴ ዓይነት የሳንባ ምች በያዛቸው ሕሙማን ደም ውስጥ ነበር። ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ይህ ቁጥር በማንኛውም ሰው ላይ ይወጣል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጫፍ ይደርሳል። ሁሉ ደህና ከሆነ ከዚያ ወዲያ ይወርዳል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ በአንድ ሊትር ከ150 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ከቀጠለ ወይም እንደገና ከወጣ፣ ቀዶ ሐኪም «የሆነ ቦታ ችግር አለ» ብሎ ይፈልጋል። የተገጠመ አንጀት አፍስሶ ሊሆን ይችላል፤ ሆድ ውስጥ መግል ተቋጥሮ ወይም ቁስሉ መርቅዞ ሊሆን ይችላል፤ እንደ አባቴም ሳንባ ሊሆን ይችላል። የአባቴ ቁጥር በሦስተኛው ቀን 130 ነበር፤ በአራተኛው ሌሊት 240 ሆነ። ቁጥሩ በራሱ በሽታውን አይናገርም፤ ጭሱን ያሳያል እንጂ እሳቱ የት እንዳለ አይጠቁምም።

በአዛውንት ላይ ነገሩ ለምን ይከብዳል? ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ያለ ሕመምም ቢሆን ትንሽ ትንሽ የሚጨስ ብግነት ይዞ ይኖራል። በዚያ ላይ ቀዶ ሕክምና ሲጨመር ቁጣው ለመነሣት ሰነፍ፣ ለመብረድም ሰነፍ ይሆናል። ትኩሳት ላይታይ ይችላል። ወጣት በ39 ዲግሪ የሚያሳየውን ኢንፌክሽን፣ ሽማግሌ በመቃዠት ሊያሳይ ይችላል። ይህን ሐኪሞች «ደሊሪየም» ይሉታል። ሁልጊዜም በጩኸትና በመታገል አይመጣም። አንዳንዱ አዛውንት ዝም ይላል፣ ያንቀላፋል፣ ምግብ ይገፋል፤ ቤተሰብም «አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ተረጋጋ» ይላል። እኔ በበኩሌ ከጩኸቱ ይልቅ ይህን ዝምታ እፈራዋለሁ።

ሌላው ጡንቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ጥቂት ጤነኛ አዛውንት ለ10 ቀን ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲቆዩ ተደርጎ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ጤነኞች ናቸው፣ አልተቀደዱም፣ ብግነትም አልበላቸውም። በብግነት ላይ ያለ ሰውነት ጥገናውን የሚሠራበት ፕሮቲን ሲያጣ የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል። አጥሚትና ቀጭን ሾርባ ብቻ ይዘን የምንመላለስ ሰዎች ይህን ማወቅ አለብን። ሐኪሙ «ይብሉ» ካለ በኋላ እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ፣ በደንብ የበሰለና የላመ ሥጋ፣ የምስር ክክ ያስፈልጋል፤ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ።

ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ከህሌት በ1990ዎቹ የቀድሞውን ልማድ አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረ። ታማሚ አንጀቱ እስኪነቃ ለቀናት መጾም ለምን አስፈለገው? ለምን ይተኛል? ቱቦው ለምን ይቆያል? የቀዶ ሕክምናውን ቁጣ ለመቀነስ ሕመምን በልዩ ልዩ መድኃኒት ማስታገስ፣ ሞርፊንን ማሳነስ፣ ቶሎ ማብላት፣ በማግስቱ ማስነሣት የሚል መርሃ ግብር አወጣ። ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል፤ ሽማግሌዎችም ከበፊቱ ባነሰ ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በእኛ ሆስፒታሎች አንድ ነርስ ስንት አልጋ እንደምታይ ያየ ሰው ሁሉም እንደ ዴንማርክ ይሁን ብሎ አይጠይቅም። ነገር ግን ከዚህ መርሃ ግብር ውስጥ ብዙው ነገር የሚሠራው በማን እጅ ነው? በአስታማሚው። አባትን ደግፎ ማስቀመጥ፣ እስከ መስኮቱ ማራመድ፣ ትራስ ሆዳቸው ላይ አስይዞ ማሳል፣ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ በጥልቀት እንዲተነፍሱ ማድረግ መሣሪያ አይፈልግም። ስፌት በመራመድ አይበጠስም፤ ሐኪም ከከለከለ ብቻ ይቀራል።

መነጽራቸውንና ጥርሳቸውን ቤት አትተዉባቸው። መስማት የሚያስችላቸው መሣሪያ ካላቸው ይምጣ። ሽማግሌ ሳያይና ሳይሰማ፣ መብራቱ በማይጠፋበት ክፍል ቀንና ሌሊት ሲቀላቀልበት ቢቃዥ ምን ይገርማል? እኛ በኋላ የዘየድነው ሶላትን ነው። በየወቅቱ «አባዬ፣ ዙህር ገባ»፣ «መግሪብ ደረሰ» እንላቸዋለን። በዚያውም ቀኑን ያውቁታል።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ልጨምር። ሕመምን ችሎ መዋል ሶብር የሚሆነው መድኃኒት ሲጠፋ ነው። የማያስታግስ ሕመም ያለበት ሰው አይተነፍስም፣ አይራመድም፤ የሆነውን አይታችኋል። በሌላ በኩል ደግሞ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝታችሁ በራሳችሁ አትስጡ። ቁጣ ያበርዳሉ፤ እውነት ነው። ግን የሽማግሌ ኩላሊትና ጨጓራ ላይ ጉዳት ስለሚያደርሱ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ መሰጠት አለባቸው።

ወደ ቤት ከተመለሱም በኋላ ሆድ እንደገና ከተነፋ፣ ካስመለሳቸው፣ ትንፋሽ ወይም የልብ ምት ከፈጠነ፣ ሽንት ካነሰ፣ ከቁስሉ መግል ከወጣ፣ ወይም ያለወትሮው ከቃዡ ወይም ከፈዘዙ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይያቸው። ሩቅያውም አብሮ ይሁን፤ መኪና ውስጥም ይቀራል።

እንግዲህ ከሁሉ የከበደን ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። አባቴ ነቅተው ከረጢቱን ሲያዩት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሁለት ቀን ምግብ አልቀመስም አሉ። በሦስተኛው ቀን ሁለታችን ብቻ ስንሆን «ልጄ፣ ነጃሳ ሆዴ ላይ ተሸክሜ እንዴት ብዬ አላህ ፊት እቆማለሁ?» አሉኝ። ስንት ዓመት መድረሳ የተቀመጥኩበትን ትምህርት ያን ቀን ባላወጣው ኖሮ ለመቼ ይሆነኝ ነበር? ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን የኪንታሮት ሕመም ይዟቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቁ፣ ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉም በጎናቸው እንዲሰግዱ መፈቀዱን አስታወስኳቸው። ያም ሰሐባ የታመመው በዚሁ በሚያፍረው የሰውነት ክፍል ነበር አልኳቸው። በፍላጎቱ ሊያቆመው የማይችል ፈሳሽ ያለበት ሰው ከረጢቱን አጽድቶ ወይም ቀይሮ፣ የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ለየሶላቱ ውዱእ አድርጎ እንደሚሰግድ፣ በመሃል ቢወጣም ሶላቱ እንደማይበላሽ ዑለማዎቻችን አስተምረዋል። ዝርዝሩን በየመዝሀባችሁ ከኢማማችሁ ጠይቁ። አባቴ በእኔ አላመኑም፤ ልጅ ነኛ! የመስጂዳችን ኢማም መጥተው ይህንኑ ደገሙላቸው። የዚያን ቀን ዐስርን ተቀምጠው ሰገዱ፤ ማታ አንድ እንቁላል በሉ።

ኢማሙ የቆዩት አምስት ደቂቃ ነው። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። በሽተኛ መጠየቅ ሐቅ ነው፤ ሰፈራችንም በዚህ አይታማም። ግን አሥራ አምስት ሰው አልጋውን ከብቦ፣ ሕፃን ታቅፎ፣ የሚያስለውም ጭምር፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወራ በሽተኛው አይተነፍስም፣ አይራመድም፣ ሴቶች እያዩት ከረጢቱንም አይቀይርም። እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ፣ ዱዓ አድርጉ፣ ውጡ። ጉንፋን ያለበት በስልክ ይጠይቅ። ቆይታችሁ መርዳት ከፈለጋችሁ አስታማሚውን ለአንድ ሌሊት ተኩት።

ረመዷን ሲገባ አባቴ ከሆስፒታል ከወጡ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ረመዷን አፍጥሬ አላውቅም» ብለው ተነሡ። ሐኪሙ ከለከለ፤ ሰውነታቸው ምግብና ውኃ በሚፈልግበት ሰዓት ነበርና። በበቀራ ምዕራፍ ለበሽተኛ የተሰጠውን ፈቃድ ራሳቸው ለስንት ሰው አስተምረውታል፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን መቀበሉ ከበዳቸው። እያለቀሱ ቁርስ በሉ። እኔ ጾመኛው አጠገባቸው ተቀምጬ አጎረስኳቸው።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንጀታቸው ተመልሶ ተገጠመ። ያን ጊዜ አክስቴ ራሷ ናት በማግስቱ ክንዳቸውን ይዛ ኮሪደሩን ያመላለሰቻቸው፤ «ተነሣ እንጂ፣ ሳንባህ!» እያለች። ቃዥተው እንደሆነ ለማወቅም በየጠዋቱ የልጆቹን ስም በተራ ታስቆጥራቸው ነበር፤ እሳቸውም አንድ ቀን ተናደው ሆን ብለው አሳስተው ቆጠሩላት። በስምንተኛው ቀን ቤት ገቡ። የዚያን ረመዷን ቀዷ ሐኪማቸው ከፈቀደላቸው ወዲህ ሰኞና ሐሙስ እያሉ እየከፈሉ ነው። ባለፈው ሐሙስ ስጠይቃቸው አራት ቀን ቀርቶኛል አሉኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።